ቦሮውዴይል ላይ የተጣለው ዳስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ የዳስ ወግ ላውጋችሁ። የሠርግ ዳስ አይደለም፣ የለቅሶም አይደለም። ይኼ መኪና ጎን የሚጣል፣ ማታ የሚተኙበት፣ ቀን ዝናብ የሚያሳልፉበት የሸራ ክፍል ነው። አገሩ ሰሜን እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት የሚሉት የሐይቅና የተራራ ምድር። እዚያ ቦሮውዴይል የሚባል ሸለቆ አለ፤ ሸለቆው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሲዝዌይት የምትባል፣ ከጥቂት የገበሬ ቤቶች በቀር ምንም የሌላት መንደር አለች። ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች ሁሉ ዝናብ የሚበዛው እሷ ላይ ነው ይላሉ፤ በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴዋን ጨምራ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን አስታውሱልኝ። ታዲያ ሊድስ የሚኖረው ወዳጄ የሚስቱን እናት ከአዲስ አበባ አስመጥቶ «አየር ይቀይሩ» ብሎ ሊወስዳቸው ያሰበው ወደዚህ ሸለቆ ነበር።

መኪናው ቮልስዋገን ቲ5 ነው። ድሮ ዕቃ ሲጫንበት ኖሮ በኋላ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ የገባለት። ቁመቱ ከመሬት እስከ ጣሪያው ሁለት ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆችና እማማ በእሱ ሊሄዱ፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ሰው የምትሆን ድንኳኔን ይዤ ልከተል ተስማማን። ፀሐይ ካለ ሁሉም ውጭ ስለሚውል ችግር የለም። ዝናብ ሲመጣ ግን አንዱ ጫማውን ለማውለቅ ሲያጎነብስ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት አለበት። ስለዚህ ዳስ ይገዛ ተባለ። የትኛው ዳስ በሚለው ላይ ግን ባልና ሚስት ከገና እስከ ፋሲካ ተከራከሩ።

የባልየው ልብ የሸፈተው ወደ ጥቅሉ ሸራ ነው። በመኪናው ጎን፣ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ረጅም ሣጥን ይታሰራል፤ በመዘወሪያ ሲያዞሩት ሸራው ከሣጥኑ እየተፈታ ይወጣና ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ ያቆማል። የጣሊያኑ ፊያማና የስዊድኑ ቱሌ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ለቲ5 የሚሆነው ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ነው፤ ወደ ፊት የሚወጣው ሁለት ሜትር ያህል። ለብቻው ሲሆን ጥላ ነው። ግድግዳዎቹን ጨምረው ሲገዙ፣ ፊተኛው ግድግዳ ከሸራው ጫፍ ካለው ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል፣ የጎኖቹ ይያያዛሉ፣ ታች በካስማ ይመታሉ፤ ጥላው ክፍል ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው አስቀድሞ ስላለ የሚሸከሙት ግድግዳ ብቻ ነው። ወዳጄ ይኼን ሁሉ ለሚስቱ በፈገግታ ካስረዳ በኋላ እሷ አንድ ነገር ጠየቀችው፦

«ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ብንፈልግስ?»

ዝም አለ። ጥቅሉ ሸራ ከመኪናው ጋር የተሰፋ ያህል ነውና መኪናው ንቅንቅ ለማለት ግድግዳው መውረድ፣ ካስማው መነቀል፣ ሸራው መጠቅለል አለበት። እማማን ይዞ ሐይቅ ሊያሳይ፣ ልጆቹን ይዞ ከተማ ሊወርድ የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ቤቱን አፍርሶ በየማታው ሊሠራ ነው። እሷ የፈለገችው ለብቻው የሚቆመውን ዳስ ነበር፤ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው አጭር የሸራ መተላለፊያ ብቻ የሆነውን። መተላለፊያው ሲፈታ መኪናው ይሄዳል፣ ዳሱ ከነአልጋው ከነሳህኑ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ወንድ ልጅ ግን መዘወሪያ ካየ ቶሎ አይለቅም።

እኔ ብጠየቅ የምፈርደው ለሚስትየው ነው። በየቀኑ ቦታ እየቀየረ አገር ለሚያካልል ሰው ጥቅሉ ሸራ ይሻለዋል፤ አንድ ቦታ ሰንብቶ በመኪናው ወዲያ ወዲህ ለሚል ግን ለብቻው የሚቆመው። ስፋት፣ ቀለም፣ የመስኮት ብዛት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከስፋቱ ነው፤ ሳሎን የሚያህል ገዝቶ ቦታ ያጣለታል።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። እንግሊዞች በሸራ ሥር ማደርን የክብር ነገር ያደረጉት በአንድ ልብስ ሰፊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1901 በብስክሌት እየዞሩ የሚያድሩትን ሰዎች ማኅበር አቋቋመ፤ ዛሬም የካምፒንግና የካራቫን ክለብ ሆኖ አለ። የእሱ ድንኳን ብስክሌት ላይ መጫን ነበረባትና ክብደቷ ሁሉ ተቆጥሮ ነው የተሰፋችው። ጀርመኖቹ ደግሞ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1950 ትንሿን አውቶቡስ መሥራት በጀመረ በዓመቱ፣ ቬስትፋሊያ የሚባለው ድርጅት በ1951 ውስጧ የሚገባ የካምፕ ሣጥን ሠራላት። ከዚያ በኋላ ነው ጎኗ ላይ ባለ መስመር ሸራ የተንጠለጠለው። መኪናዋ ጠባብ መሆኗን ገና ከጅምሩ አውቀውታል ማለት ነው።

ወደ ወጋችን። ሊገዙ ሲሄዱ እኔም እማማም አብረን ሄድን። እዚያ አገር ትልልቆቹ መደብሮች ዳሶቹን ተክለው ነው የሚያሳዩት፤ ገብቶ ማየት፣ ዚፑን መክፈት፣ መተኛትም ይቻላል። ሻጩ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀው የዋጋ ነገር አልነበረም፤ «መኪናችሁ ቁመቱ ስንት ነው? የጎኑ በር በየት በኩል ነው?» አለ። ደስ አለኝ። ለቲ5 ዓይነት ዝቅተኛ መኪና የሚሠራው መተላለፊያ ከ180 እስከ 210 ሴንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይታሰራል። እንደ ፊያት ዱካቶ ላለው ባለ ከፍተኛ ጣሪያ መኪና የተሠራውን ለቲ5 ቢገዙት መተላለፊያው ተርፎ ይረግባል፣ ውኃም ያቁራል። በሩም ነገር አለው፤ የወዳጄ መኪና በሩ በግራ ነው፣ ከዋናው አውሮፓ የሚመጡት ግን በቀኝ። መስኮቱና መግቢያው በዚያው ልክ ካልተመረጠ ከዳሱ ሲወጡ የሚገጥማችሁ የጎረቤት ቆሻሻ መጣያ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሻጩ አንድ ጠርዝ አሳየን። የመተላለፊያው ጫፍ ውስጡ ገመድ ገብቶ ተሰፍቷል፤ ይኼ ጠርዝ መኪናው ላይ በተገጠመ ቦይ ውስጥ ተንሸራትቶ ይገባል። የገመዱ ውፍረት 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስቱ አራት በሚቀበል ቦይ አይገባም፣ አራቱም ስድስት በሚቀበለው ውስጥ አይጸናም። ቦይ የሌለው ሰው የመተላለፊያውን ማሰሪያ በጣሪያው አሻግሮ በወዲያኛው በኩል ያስረዋል። ይሠራል፣ ግን ነፋስ ሲነሣ ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ ያድራል።

እማማ ይኼን ሁሉ ትተው ዳሱ ውስጥ ገብተዋል። ምሰሶ ፈልገው አጡ። በምሰሶ ፋንታ እንደ ጎማ የተነፋ ወፍራም ቱቦ አገኙና በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ልጄ፣ ነፋሱ ቢወጣስ?» አሉት ሻጩን በአማርኛ። ልጃቸው ተረጎመች።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ለብዙዎቹ የሚነፉ ዳሶች የሚበቃው ግፊት 7 ፒኤስአይ አካባቢ ነው፤ የመኪና ጎማ ከ30 በላይ ይፈልጋል። ፀሐይ ሲመታው አየሩ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ትንሽ ማስተንፈስ ይገባል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ይላላል። ውስጡ ያለው ከረጢት ቢበሳ ይለጠፋል ወይም ይለወጣል። በዘንግ የሚቆመው ረከስ ይላል፣ ለመትከል ግን ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይጠይቃል። እማማ ያለ ነፋስ መንፊያ የሚቆመውን መረጡ። ልጃቸው ግን የሚነፋውን ገዛች፤ ባሏ ከዘንግ ጋር ሲታገል ማየት አልፈለገችም።

ስለ ጨርቁም ልንገራችሁ። ወረቀቱ ላይ 3000፣ 4000፣ 6000 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ጨርቁ ላይ ያን ያህል ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የውኃ ዓምድ ቢቆም ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው፤ 3000 ሦስት ሜትር ውኃ ነው። ከዚያ በላይ ለሚሆነው ቁጥር ብዙ ገንዘብ ባትጨምሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ውኃ የሚገባው ብዙ ጊዜ በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ፣ በዚፑና ዳሱ ከመኪናው በሚገናኝበት ነው።

ደረስን፤ ዝናቡ ቀድሞን ደርሷል። ሣሩ ላይ መጀመሪያ መኪናው ቆመ፣ ከዚያ ዳሱ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ተዘረጋ። በእንግሊዝ ካምፖች በአንዱና በሌላው ቤተሰብ መካከል የተለመደው ርቀት 6 ሜትር ነው፤ ለእሳት ብለው ነው። ዳስ ተጨምሮበት እንኳ ከ3 ሜትር እንዳያንስ ይፈልጋሉ። ካስማውን የመታሁት እኔ ነበርኩ። ራሱ ከዳሱ ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ ገመዱ ሲስበው መሬቱን እንዲነክስ ሆኖ ነው የሚመታው። ቀጥ ብሎ የቆመ ካስማ ረጠብ ያለ መሬት ላይ ሌሊት ይወጣል። ልጆቹ ከመኪናው ሥር የሚገባውን ነፋስ የሚዘጋውን ሸራ በጎማዎቹ መካከል አሰሩ።

በማግስቱ መኪናው ሐይቅ ሊያሳይ ወጣ። ሚስትየው አስቀድማ የፊትና የኋላ ጎማው በቆሙበት ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ካስማዎች ተከለች። ማታ ሲመለሱ ባል በእነሱ ልክ ሊያቆም ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ትንሹ ልጅ በባትሪ እያበራ «ትንሽ ወደ ኋላ፣ አባዬ! በቃ! አለፍክ!» ይላል። አንድ ጋት ከራቀ ቦዩና ጠርዙ አይገናኙም። መኪናው ሲሄድ መተላለፊያው ተዘግቶ ታች መመታቱንም አትርሱ፤ ክፍት ከተተወ ነፋሱ ገብቶ ዳሱን ያነሣዋል።

የመጀመሪያው ሌሊት ሚስትየው ነቅታ «ያፈሳል!» ብላ ጮኸች። ጣሪያው ላይ ጠብታዎች ተንጠልጥለዋል። እኔም መጣሁ፣ በእጄ ዳሰስኩት፤ ውጭው ዝናብ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን የአምስት ሰው ትንፋሽ ነበር። ቀዝቃዛ ሸራ ላይ የሞቀ ትንፋሽ ይንጠፈጠፋል። የላይኞቹን መተንፈሻዎች ከፈትን፤ ብርዱ ትንሽ ገባ፣ ጠብታው ቆመ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ከሁሉም የባሰው ነው። እማማ ጀበናቸውን፣ ረከቦታቸውን፣ ዕጣናቸውን ይዘው ነው የመጡት። ከሰልም አስገዝተዋል። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናቡ አላቆም ሲል ማንደጃውን አንሥተው ወደ ዳሱ ገቡ። ወዳጄ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ አይሆንም።»

«ጭሱን ውጭ ጨርሼዋለሁ እኮ ልጄ። ፍም ነው።»

«ፍሙ ነው የሚገድለው፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ልክ ነበር። ጭሱ ሲያልቅ ነው ሰው የሚዘናጋው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላ ፍም ለሰዓታት ያወጣዋል፣ የተዘጋ ሸራ ደግሞ ይሰበስበዋል። እንግሊዝ አገር ሥጋ የጠበሱበትን ከሰል «ለሙቀት» ብለው ድንኳን አስገብተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች አሉ። የጋዝ ምድጃም ቢሆን በተዘጋ ዳስ ውስጥ አይለኮስም። እማማ አኮረፉ። ዝናቡ ጋብ ሲል ከዳሱ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ከእኛ ወደ ወዲያ በሚነፍስበት በኩል፣ ሣሩ እንዳይቃጠል ከፍ ባለ ማስቀመጫ ላይ ማንደጃውን አደረግንላቸው። ቡናው ሲሸት ከጎረቤት ድንኳን አንዲት እንግሊዛዊት አንገቷን አወጣች። እማማ ሳይጠይቁ ስኒ ዘረጉላት፤ ኩርፊያውም እዚያ ላይ አለቀ።

ፍራንክፈርት ወይም ፓሪስ ሆናችሁ ይኼን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግላችሁ። ዳስ የካምፕ ቦታ ዕቃ ነው። ጀርመን ውስጥ መንገደኛ እንደገና ለመንዳት እስኪበቃ መኪናው ውስጥ አርፎ ማደር ይችላል፤ ሸራ ከዘረጋ፣ ወንበር ካወጣ ግን መኪና ማቆም መሆኑ ቀርቶ ካምፕ መሆን ነው። ፈረንሳይም እንዲሁ ታያለች። የካምፕ ቦታ ስትይዙም ዳስ እንዳላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አንዳንዱ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ቦታው ጠባብ ነው ብሎ አይቀበልም።

የመጨረሻው ቀን እንደ መጀመሪያው ዘነበ። ዳሱ እርጥቡን ተጠቅልሎ፣ ከመጣበት ከረጢት አልገባ ብሎ፣ በልጆቹ እግር ሥር ተጥሎ ሊድስ ገባ። የወዳጄ ቤት ግቢ የለውም። ስለዚህ እዚያው ማታ ዳሱ በደረጃው መደገፊያ ላይ፣ በበሮች ላይ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ ዘንግ ላይ ተንጠለጠለ፤ ቤተሰቡ ለሁለት ቀን በሸራ መካከል እየሾለከ ኖረ። ግድ ነው። እርጥቡን የታጠፈ ሸራ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተዘረጋ ይሻግታል፤ የሻጋታው ነጥብ ቢታጠብም እምብዛም አይለቅም፣ ሽታው ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ዳስ ልትገዙ ከሄዳችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከረጢቱን ክፈቱና አሽትቱ። ሻጋታ ከሸተታችሁ፣ በነፃ ውሰዱት ቢሏችሁም ይቅርባችሁ።