ከሶኬቱ ጀርባ

ወገኖቼ፣ ሹመይሲ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ተርሂሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ወደዚያ ወሬ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ በጋራ በምንከራየው ክፍል ስላለው ሶኬት ላውራችሁ።

አንዷ ምድጃውን ስትሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል አይደል? ከግድግዳው ኋላ ስንት ሽቦ፣ ስንት መገጣጠሚያ እንዳለ ማን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1883 ሊዮን ቴቬኒን የተባለ ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ማየትም አያስፈልግም አለ። መስመሩ የቱንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ከሁለቱ ጫፎቹ ሲታይ እንደ አንድ የኮረንቲ ምንጭና ተከትሎት እንደተቀጠለ አንድ ሬዚስታንስ ነው። (ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ በ1853 ቀድሞት ጽፎ ነበር፤ ስሙ ግን ለቴቬኒን ቀረ።)

ሶኬቱ ባዶውን 220 ቮልት ነው እንበል። 10 አምፔር የሚስብ ምድጃ ሲሰካ ወደ 200 ወረደ። የጎደለው 20 ቮልት ለ10 ሲካፈል 2 ኦም ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሽቦ ተጠቃሎ ይኸው ነው። 20 ቮልቱ በ10 ሲባዛ ደግሞ 200 ዋት፣ ግድግዳው ውስጥ የሚቀር ሙቀት። ምናልባትም አንድ የላላ መገጣጠሚያ ላይ። ሁለተኛ ተመሳሳይ ምድጃ ከጨመራችሁ ሙቀቱ ከ670 ዋት ያልፋል። እጥፍ ብቻ መስሏችሁ ነበር? ሶኬቱ ከጋለ ወይም ፕላስቲክ ከሸተተ ምድጃውን አጥፉ፣ ባለሙያ ጥሩ። ራሳችሁ እንዳትለኩት አደራ።

በ1926 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኖርተንና ጀርመናዊው ሃንስ ማየር፣ ለየብቻቸው፣ ይህንኑ ገልብጠው አዩት፦ ምንጩን በቮልት ፈንታ በአምፔር ቆጥረው፣ ሬዚስታንሱን ጎን ለጎን አድርገው። በእኛ ሶኬት 220 ለ2፣ 110 አምፔር ማለት ነው። ሽቦው ሾርት ካደረገና ብሬከሩ ካልጣለ የሚሮጠው ያ ነው።

ማየር የሲመንስ ሰው ነበር። በኖቬምበር 1939 ኦስሎ ላይ የናዚዎችን የጦር መሣሪያ ምስጢር ጽፎ፣ ስሙን ሳይገልጽ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ ላከ። በ1943 ታሰረ፤ ግን በዚህ አይደለም፣ የእንግሊዝ ሬዲዮ በማዳመጡና መንግሥትን በመንቀፉ ነው። ዳካውን ጨምሮ ከካምፕ ካምፕ ሲዛወር ጦርነቱ አለቀ። አሳሪዎቹ የኦስሎውን ደብዳቤ ጸሐፊ በእጃቸው ይዘው ሳያውቁት ቀሩ። በ1950 ወደ ሲመንስ ሥራው ተመለሰ።