እህሉ ይሂድ ወይስ ሰዉ ይምጣ?

አያቴ ቤት እንጀራ ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ የማናችንም አልነበረም። ከመሶቡ ጥግ ለብቻው ይቀመጣል። ብዙም ሳይቆይ ከደጅ «ስለ ማርያም!» የሚል ድምፅ ይሰማና ቁራሹ ባለቤቱን ያገኛል። አያቴ የለማኙን አገር፣ ዘር ወይም ሃይማኖት ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። ደጅዋ የቆመ ሁሉ የእግዜር እንግዳ ነበር። ነገሩን ልብ ብለን ካየነው የአገራችን ምጽዋት በሙሉ በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው፤ ሰጪው በቤቱ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ይመጣል። ደጀ ሰላሙም፣ የተዝካሩ ድግስም፣ የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለቱም መንገዳቸው አንድ ነው፤ ወደ ደጃፍ።

ልጅ ሆኜ ያልታየኝ ነገር ቢኖር፣ ደጃፍ የሚደርስ ሰው ቢያንስ መራመድ የሚችል ሰው መሆኑ ነው። መራመድ ያቃተውንስ ማን ይድረስለት?

ይህን ጥያቄ የጫሩብኝ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደሴ ወደ ሰሜን ስጓዝ በአውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የቆቦ አካባቢ ሽማግሌ ናቸው። አላማጣን አልፈን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ከወጣን በኋላ የኮረም ሜዳ ብቅ ሲል ከወሬያቸው ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ልጄ፣ እዚህ የመጣ ብዙ ነው፤ የተመለሰው ነው ጥቂት» አሉኝ። በሰባ ሰባት አባታቸውና ታናሽ እህታቸው ወደዚያ ሜዳ ከሄዱት መካከል ነበሩ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ጎልማሳ ናቸው፤ ቤት ጠባቂ ሆነው ቀርተው ነበር። የቀረውን ወደ መጨረሻው አመጣዋለሁ።

ረሃብ ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ የሚነገርለት የከብት በሽታ (ገበሬው «ደስታ» ይለዋል፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ!) በሬውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣውም ተከተለ። ያ ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ሕዝብ መመገባቸው፣ በሬ ላጣው ገበሬም ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፎ ይገኛል። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን የጎተራው ደጃፍ ያለው ቤተ መንግሥቱ ዘንድ ነው፤ ረሃብተኛው ደግሞ ከዚያ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ነው ያለው። ከተነሡት ብዙዎቹ የወደቁት በመንገድ ላይ ነበር።

የ1965ቱ የወሎ ረሃብም እንዲሁ መንገድ ላይ የታየ ረሃብ ነው። ገበሬው ከቆላውም ከደጋውም እየወረደ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተኮለኮለ። ለምን ጎዳና ዳር? መኪና የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ ነዋ! መንግሥት ነገሩን ሊሸፍነው ሞከረ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ ነው ለተማሪውና ለከተሜው ዓይን የገለጠለት። በዚያው ዓመት 13 በጎ አድራጊ ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ የአብያተ ክርስቲያናትና የሚሲዮን ክንፎች፣ ተሰብስበው አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲሲአርዲኤ የሚባለው ኅብረት የዚያ ኮሚቴ ልጅ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ የራሷን የልማትና የተራድኦ ኮሚሽን መሥርታ ነበር። መንግሥት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ያቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል።

ሆኖም የእነዚህ ሁሉ መልካም ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ ምን ነበር? መጠለያ መሥራት። የት? ጎዳና ዳር። የአያቴን ደጃፍ ወስደው በሸራና በቆርቆሮ አሰፉት ማለት ነው። አልወቅሳቸውም፤ ሰው ፊታቸው ወድቆ እያዩ ሌላ ምን ያድርጉ? መጠለያው ብዙ ነፍስ አትርፏል። ግን ደጃፉ በሰፋ ቁጥር አንድ የማይታይ ነገር አብሮ ይሰፋል፤ እሱን ለመረዳት ገበሬው ከቤቱ እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ገበሬ ዝናብ ስለቀረ ብቻ ተነሥቶ አይሄድም። መጀመሪያ ከሁለት ማዕድ አንዱን ይቀንሳል። ቀጥሎ በግና ፍየሉን ይሸጣል። ሁሉም ሻጭ ስለሆነ የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፣ ሁሉም ገዢ ስለሆነ የእህሉ ዋጋ ሰማይ ይወጣል፤ በአንድ ገበያ ላይ ሁለቴ ይቀጣል። ከዚያ አንዱ በሬ ይሄዳል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለተኛውም ይከተለዋል። ለዘር የተቀመጠችው ትበላለች። በመጨረሻ የቤቱ ሳንቃና ወጋግራ ይሸጣል። ደጃፉን ዘግቶ የሚወጣው የሚዘጋ ደጃፍ እንኳ ሳይቀረው ሲቀር ነው። ስለዚህ መጠለያ የደረሰ ገበሬ የተራበ ሰው ብቻ አይደለም፤ ገበሬነቱን በሙሉ ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። ስንዴ ብትሰጠው ነፍሱ ትድናለች፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን ዝናብ ቢዘንብም በምን ያርሳል? ምኑን ይዘራል? ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ገጠር ረሃብ ላይ በጻፉት መጽሐፍ ድርቅ ለብቻው ረሃብን አያመጣም፤ ገበሬውን ለረሃብ አጋልጦ የሚያስቀምጠው በላዩ የተጫነው የኑሮና የአገዛዝ ሥርዓት ነው ሲሉ የተከራከሩት በከንቱ አልነበረም።

ወደ ሰባ ሰባቱ እንምጣ። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ከዳ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በመብራት ስታከብር ኮረም፣ አላማጣና መቀሌ በሰው ተጥለቅልቀው ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን ያዘጋጁት ዘገባ ከኮረም ሜዳ ወጥቶ በዓለም ታየ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል፤ ዘፈኑንም፣ ኮንሰርቱንም፣ አውሮፕላኑንም።

ኮረም ደጋ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ከቆላ በአንዲት ኩታ የወጣ ሰው በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ሲያድር፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፋፍጎ ሲተኛ ቅማል ይወለዳል፤ ቅማሉም ታይፈስንና የግርሻ ትኩሳትን ያዞራል። ኩፍኝና ተቅማጥ ሕፃናቱን ይለቅማሉ። በመጠለያዎቹ ውስጥ ብዙውን ሰው የገደለው ጭብጥ እህል ማጣት ብቻ ሳይሆን አንድ ላይ መከማቸት ነበር። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በአገሪቱ በጠቅላላ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። በዚህ ላይ መንግሥት ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ሲያሰፍር አንዱ የሰው መመልመያው ይኸው መጠለያ ሆነ። ወሬው ሲሰማ ምን ሆነ? ሰፈራውን የፈራ ረሃብተኛ እህል ካለበት ቦታ ሸሸ። ደጃፉ ወጥመድ መሰለው።

በክርስቲያኖቹ ድርጅቶች ዘንድ የሐሳብ ለውጥ የመጣው ይህን ካዩ በኋላ ይመስለኛል። ካቶሊኮቹና ሉተራውያኑ በሰባ ሰባት እህላቸውን አጣምረው ማከፋፈል ጀምረው ነበር። በኋላ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ስትጨመርበት የጋራ እርዳታው ሰፋ። ሦስቱ አብያተ ክርስቲያናት በታሪካቸው ተጠራጣሪዎች ናቸው፤ በምሥጢረ ሥላሴ ባይለያዩ በጾም፣ በጾም ባይሆን በታቦት ይከራከራሉ። በስንዴ ግን ተስማሙ። ደግሞ እህሉ የተሰጠው ለክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ይህን ልሞክር የሚል ሰው አንዱን ቤት ለሁለት መክፈል ይኖርበታል።

ለውጡ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሰው ሳይነሣ እህሉ ይድረስ። በሥራ ግን ስሌቱን እንየው። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢታሰብ በወር 15 ኪሎ ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 75 ኪሎ ይሆናል። ደህና አህያ 60 ኪሎ ያህል ብትሸከም ነው፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ ደህና አህያ ከየት ይመጣል? ማደያው የሁለት ቀን መንገድ ከሆነ ባለቤቱ ደርሶ እስኪመለስ አራት ቀን ከዚያው እህል ይበላል። በአንድ ቀን ሄዶ የሚመለስ ከሆነ ግን ሙሉውን ያገባል፣ ሚስቱም ትፈጫለች፣ ልጆቹም በቤታቸው ያድራሉ። እንግዲህ ሁሉ ነገር በማደያ ብዛትና በመኪና መንገድ ይወሰናል ማለት ነው። ለሹፌሩ፣ ለጎማው፣ ለነዳጁ የሚወጣው ገንዘብ ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ለጋሹም ለሕፃን ወተት እንጂ ለጎማ መስጠት ብዙ ደስ አይለውም።

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሰሜኑን እንደገና ከዳው። በ1980 ዓ.ም. ግን እህሉ ቀደም ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ በየአቅራቢያው ማደያ ተከፈተ፤ የገበሬ ማኅበሩ ስም እየጠራ ካርድ አደለ። እንደ ኮረሙ ያለ የሰው ጎርፍ ሳይታይ፣ የሞቱም መጠን ከሰባ ሰባቱ ጋር ሳይወዳደር ዓመቱ አለፈ። ስለዚህም ነው ብዙ ሰው የማያስታውሰው። ያልሞተ ሰው ለዜና አይመችም!

ጦርነቱ ግን ነበረ። ጥቅምት 1980 ዓ.ም. ሻዕቢያ በአሥመራና በመቀሌ መካከል እህል የጫኑ ከ20 በላይ መኪኖችን አቃጠለ። በመንግሥት በኩልም ከአማጽያኑ ይዞታ የሚገባ እህል እንደ ጠላት ስንቅ ይታይ ነበር። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አብያተ ክርስቲያናት በሱዳን በኩል የሚያስገቡት እህል አውሮፕላን በመፍራት በሌሊት ይጓዝ የነበረው ለዚህ ነው። በሁለቱም ወገን ከዚያ እህል ምን ያህሉ ወታደር አፍ ገባ የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። እኔ ከዚያ ሁሉ የምመርጠው ታሪክ የ1982ቱን ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ምጽዋ በሻዕቢያ ከተያዘች በኋላ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጥምረት እህሉን ከአሰብ ወደ ደሴ፣ ከደሴም በሁለቱ ተዋጊዎች ስምምነት የጦር ግንባሩን አቋርጦ ወደ ሰሜን ወሎና ወደ ትግራይ አሻገረ። ሁለት ጦር አፈ ሙዝ ለአፈ ሙዝ ተፋጦ ሳለ መሐሉን ሰንጥቆ ያለፈው ጆንያ ነበር።

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። ሽማግሌው ከሰባ ሰባት በኋላ ስላለው ዘመን ስጠይቃቸው ፊታቸው ፈታ አለ። በሰማንያ ማደያው ከቤታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ሁለት አህያ፣ አንዱን ከጎረቤት ተውሰው፣ ገስግሠው ሄደው ስንዴና የዘይት ቆርቆሮ ጭነው መጡ። ቆርቆሮው እስከ ዛሬ ውኃ መቅጃ ነው አሉኝ።

«በሬዎቹስ?» አልኳቸው።

«አልሸጥኳቸውም» አሉ። «ሣሩ ነው እንጂ ያስቸገረኝ፤ የጣራዬን ክዳን እያወረድኩ አበላኋቸው። ሐምሌ ላይ ሲዘንብ ጠመድኳቸው። ቤቴ ያፈስ ነበር፤ እኔ ግን ማሳዬ ላይ ነበርኩ።»