ጋልቨስተን ለመዋኘት ከመግባትዎ በፊት ይህን ይወቁ

ከሂውስተን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው የጋልቨስተን ደሴት በሙቀቱ ወራት በሰው ትሞላለች። ባሕሩ ግን እንደ መዋኛ ገንዳ አይደለም። ትልቁ አደጋ ሰውን ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትተው፣ ሪፕ ከረንት የሚባለው ውሃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛንም ያደክማል።

የት ይዋኙ?
• ላይፍጋርድ ባለበት ቦታ ብቻ። ስቱዋርት ቢች እና ኢስት ቢች በወቅቱ ጠባቂ አላቸው።
• ወደ ባሕሩ ከገቡት የድንጋይ ክምሮች ይራቁ። ጎታቹ ውሃ የሚበረታው እዚያ ነው።
• በሁለቱ የደሴቷ ጫፎች፣ በምዕራብ ሳን ሉዊስ ፓስ፣ በምሥራቅ የመርከቦች መግቢያው አካባቢ፣ መዋኘት ክልክል ነው።

ባንዲራዎቹ ምን ይላሉ?
• አረንጓዴ፦ ባሕሩ ረጋ ብሏል፤ ጥንቃቄ ግን አይለይዎ
• ቢጫ፦ ይጠንቀቁ
• ቀይ፦ አደገኛ ነው፤ ዋና የማይችል አይግባ፣ የሚችልም ከወገቡ አይለፍ
• ሐምራዊ፦ እንደ ጄሊፊሽ ያሉ ተናዳፊዎች አሉ

ውሃው ከወሰደዎትስ?
አይደንግጡ። ወደ ዳር ፊት ለፊት አይታገሉ፤ ወደ ጎን፣ ዳርቻውን ተከትለው ይዋኙ። ጎታቹ ውሃ ሲለቅዎ ወደ ዳር ይመለሱ። ካቃተዎት በጀርባዎ ተንሳፈው እጅዎን ያውለብልቡ።

ሌላ ሰው ሲወሰድ ካዩ ዘለው አይግቡ፤ ለማዳን ገብቶ የቀረ ብዙ ነው። ላይፍጋርድ ይጥሩ፣ 911 ይደውሉ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩለት።

ልጆችን ከእጅዎ አያርቁ፤ በአየር የሚነፋ መጫወቻ የሕይወት ጃኬትን አይተካም።

ለሚሄዱ ወዳጆችዎ ሼር ያድርጉ።