የመተማ መንገድና የእንግሊዝ ሎሪዎች

መተማ የሁለት መኪና አገሮች መገናኛ ነበረች። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው የጭነት መኪና በአብዛኛው የጣሊያን ሥሪት ሲሆን፣ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት የሚመጣው ደግሞ የእንግሊዝ ነበር። የሱዳኗ ጋላባትና የኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ የሚለያዩት በበጋ በሚደርቅ አነስተኛ ወንዝ ነው። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ግን ሞተሩም፣ መለዋወጫውም፣ የጋራዥ ቋንቋውም ይለያይ ነበር።

ከመኪና በፊት መንገዱ የግመልና የአህያ ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ዕጣን፣ በክፉው ዘመንም ባሪያ ጭምር፣ በዚህ በር ወደ ሰናር ወርዷል። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው በዚያው የቀሩት ተክሩሮች ገበያውን ለረጅም ጊዜ ይዘውት ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉበት ይህ ስፍራ ከጦርነቱ በኋላ ተዳከመ። ንግዱን መልሶ ያነቃቃው ከሱዳን በኩል የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ከካሳላ ገዳሪፍ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በዓመቱ እስከ ሰናር ተዘረጋ። ገዳሪፍ ባቡር ጣቢያ ሲኖራት፣ ከዚያ እስከ ጋላባት ያለውን ሜዳ ለመሙላት ሎሪ አስፈለገ።

በኢትዮጵያ በኩል የጭነት መኪና በብዛት የገባው ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የአኪሌ ስታራቼ ጦር ከኤርትራ በኩል በመኪና ተጭኖ የመጣ ነበር። ፋሺስቱ ወጥቶ ከሄደ በኋላም ፊያቱና ላንቻው ቀረ፤ ከእነርሱ ጋርም ቋንቋቸው ቀረ። ኢትዮጵያዊ መካኒክ ዛሬም ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ካሶኒ እያለ የሚሠራው ለዚህ ነው። በኋላ የመጣው ኤንትሬም፣ ማለት ፊያት 682 ኤን 3፣ ይህንኑ ባህል አጸና። ስለዚህ በመተማ የእንግሊዝ ሎሪ የሚታየው እንደ እንግዳ ነበር፤ ከወንዝ ማዶ መጥቶ፣ ጭኖ የሚመለስ እንግዳ።

እንግዳው በጉልህ የታየው በጦርነት ቀን ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ጋላባትን አጠቃ። ስሊም 12 ታንኮች ነበሩት። በሣር ውስጥ የተደበቀው ድንጋይና የተቀበረው ፈንጂ አብዛኞቹን በመጀመሪያው ቀን ሰንሰለታቸውን ሰብሮ አቆማቸው፤ የታንክ መለዋወጫ የጫነው ሎሪም ከአየር በተጣለ ቦምብ ወደመ። ጋላባት ቢያዝም መተማ አልተያዘችም። ይህ ውጊያ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጀግንነትና ስለ ድንጋጤ ነው። ሆኖም ውጤቱን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ያ የመለዋወጫ ሎሪ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በዚሁ ዓመት ጥር 12 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመተማ በስተደቡብ በኦሜድላ በኩል ድንበር ሲሻገሩ፣ አብሯቸው የዘመተው የጌዴዎን ጦር ሸክም በዋናነት የተጣለው ወደ 15,000 በሚደርሱ ግመሎች ላይ ነበር፤ ከእነርሱ የተረፉት ጥቂት ናቸው። መንገድ በሌለበት አገር ሎሪ ብቻውን ምንም አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ የሱዳን ሎሪ የራሱን መልክ ያዘ። ኦስቲን፣ ኮመር፣ ከሁሉም በላይ ቤድፎርድ በፖርት ሱዳን ወደብ ሲገቡ ብዙዎቹ ሻንሲ፣ ሞተርና አፍንጫ ብቻ ነበሩ። ካሶኒውን የሚሠራው የአገሬው ብረት ቀጥቃጭና አናጺ ነው። ወፍራም ብረት ይታጠፋል፣ እንጨት ይገጠምበታል፣ ጎኑ ከፍ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በቀለም ያጌጣል። ይህ የውበት ሥራ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ በሉተን ከተማ የተነደፈ መኪና ለለስላሳ መንገድ የታሰበ ሲሆን፣ የገዳሪፍ ባለሙያ ደግሞ የሚያስበው ማሽላ በጆንያ ተቆልሎ፣ ሰው ከጭነቱ ላይ ተሳፍሮ፣ መንገድ በሌለበት ሜዳ የሚሄደውን መኪና ነው። ከፋብሪካው ይልቅ ሎሪውን የሱዳን ሎሪ ያደረገው እርሱ ነው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ ሥራ ያቆመ ሞዴል በዚህ ሜዳ ሲሠራ የሚታየውም በእርሱና በመሰሎቹ እጅ ነበር።

ከቤድፎርድ ዓይነቶች ለሱዳን በተለይ የተስማማው እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ባለ አፍንጫው ቲ.ጄ. ነው። ሞተሩ ከፊት ስለተቀመጠ ክዳኑን ከፍቶ ማንም ይደርስበታል። አሠራሩ ቀላል፣ ብልሽቱ በመዶሻና በመፍቻ የሚጠገን ነበር። ይኸው ሎሪ በፓኪስታን በሥዕልና በመስታወት አሸብርቆ የአገሩ ምልክት ሆኗል። ኮመር ደግሞ ስሙን ለሱዳን አረብኛ ትቶ አልፏል፤ በዚያ አገር የፖሊስ መኪና «ኮመር» ይባላል።

የመንገዱ ጌታ ግን ሎሪው ሳይሆን አፈሩ ነበር። ከገዳሪፍ እስከ መተማ፣ ከዚያም እስከ ሽኸዲና ኮኪት ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ ሎሪው በፈለገው አቅጣጫ ይሄድበታል። ሰኔ ሲገባ ዋልካው ውኃ ይጠጣና ይነፋል፣ ጎማን እስከ ቸርኬው ይውጣል። ያኔ ሾፌር ዝናቡ እስኪያባራና ምድሩ እስኪጠነክር መጠበቅ ግዴታው ነበር። ክረምት የሎሪ ዕረፍት፣ የመተማ ደግሞ መነጠል ነበር። የሰሊጥና የማሽላ ንግድ ከጥቅምት በኋላ የሚጋጋለውም አዝመራው ስለደረሰ ብቻ ሳይሆን መንገዱ ስለደረቀም ጭምር ነበር።

ድንበሩ ሌላም እንግዳ ነገር ነበረው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስትዞር፣ ሱዳን በእንግሊዝ ልማድ በግራ መንዳቷን ቀጠለች፤ እርሷም ወደ ቀኝ የዞረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ወንዙን የተሻገረ ሾፌር የመንገዱን ጎን መቀየር ነበረበት። ሱዳን ከዞረች በኋላም መሪያቸው በቀኝ የሆነ የእንግሊዝ ዘመን ሎሪዎች በቀኝ መንገድ ላይ መሥራታቸውን አላቆሙም።

የሎሪው ሥራ ከእህል ጋር አብሮ አደገ። በገዳሪፍ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ በትራክተር የማሽላ እርሻ ተጀመረ፤ በኋላ በሰቲት ሁመራና በመተማ ቆላ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ወደ ገበያ የሚወጣው ጆንያ፣ ሁሉም መኪና ይፈልጋል። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዴሞክራቲክ ኅብረት (ኢዲዩ) መተማንና ሁመራን ይዞ ከደርግ ጋር ሲዋጋ ንግዱ ቆመ፣ ሰውም ተሰደደ። ወሰን ተሻግሮ በእግሩ የደረሰውን ስደተኛ ወደ ገዳሪፍና እንደ ኡም ራኩባ ወዳሉ ጣቢያዎች ካጓጓዙት መኪኖች መካከል እነዚሁ ሎሪዎች ነበሩ። በብዙ ኢትዮጵያውያን የስደት ትዝታ ውስጥ የሎሪ ካሶኒ አለ፤ ስለዚህ የእነዚህን መኪኖች ታሪክ የሞተር ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ሎሪዎቹ በቆላው ሲሠሩ፣ አገራቸው ውስጥ ፋብሪካዎቻቸው ይወድቁ ነበር። ቤድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው በአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ሥር በነበረው ቮክስሆል ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ወደ 250,000 የሚጠጉ የጭነት መኪኖች ሠርቷል። ይህ ትልቅነት አላዳነውም። ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1952 ከሞሪስ ጋር ተዋሐደ፣ በ1968 ወደ ብሪቲሽ ሌይላንድ ተጠቃለለ፤ ያም ድርጅት በ1975 በመንግሥት እጅ ወደቀ። ኮመር በክራይስለር ከተገዛ በኋላ ስሙ በዶጅ ተተካ። የሳውዝሆሉ የኤ.ኢ.ሲ. ሎሪ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ። ድርጅቶቹ በችኮላ ሲዋሐዱ ተመሳሳይ ሞዴሎች እርስ በርሳቸው ተወዳደሩ፤ በአገር ቤት ቮልቮና ስካኒያ ገበያቸውን ወሰዱባቸው፤ የውጭ ምንዛሪ ያጠራቸው የአፍሪካ ደንበኞቻቸውም መግዛት አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄኔራል ሞተርስ የሌይላንድን የጭነት መኪና ክፍል ከላንድሮቨር ጋር ሊገዛ ያደረገው ድርድር በፖለቲካ ተቃውሞ ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት ትላልቅ ቤድፎርዶችን መሥራት አቆመ። ፋብሪካውን የገዛው ኤ.ደብልዩ.ዲ. በ1992 ከሰረ። ሌይላንድ ከሆላንዱ ዳፍ ጋር ተጣምሮ ቆይቶ በ1993 አብሮት ወደቀ፤ የጭነት መኪና ፋብሪካው በኋላ በአሜሪካው ፓካር እጅ ገባ።

በእንግሊዝ አገር እነዚህ መኪኖች ዛሬ ወዳጅ አላቸው። በሌይላንድ ከተማ የንግድ መኪኖች ሙዚየም አለ፤ በየዓመቱም አሮጌ ሎሪዎች ከለንደን ወደ ብራይተን ይጓዛሉ። በመተማ መንገድ ግን ሎሪ የሚጠበቀው እስከሠራ ድረስ ነበር። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ ለፖርት ሱዳን ትኩረት ሰጠች፤ የጎንደር መተማ መንገድ ተሠርቶ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ይመላለሱበት ጀመር። ኮረኮንቹና ዋልካው በአስፋልት ሲሸፈን፣ ለክፉ መንገድ የተበጀው ከባድ ካሶኒ ጥቅሙ ቀረ። ቦታውን ኢሱዙ፣ በኋላም ሲኖትራክ ያዘው።

አሮጌው ሎሪ ሲቆም የሚጣል ነገር አልነበረውም። ሞተሩ ለሌላ ሎሪ መለዋወጫ ይሆናል፣ የካሶኒው ብረት ለበርና ለአጥር ይውላል። ጎማው በረባሶ ሆኖ የእረኛውንና የቀን ሠራተኛውን እግር ከእሾህ ይጠብቃል። ባሌስትራው ጥሩ ብረት ነውና ቀጥቃጩ በእሳት አግሎ መጥረቢያ፣ ቢላዋና ማረሻ ያወጣበታል።