ሲባጎ በስሞል ሂዝ

አባቴ ደሴ ውስጥ ግንበኛ ነበር። ግድግዳ ከመጀመሩ በፊት ሲባጎ ይወጥርና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ዳር እስከ ዳር ያየዋል። በርሚንግሃም፣ ስሞል ሂዝ ሰፈር ውስጥ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 21 ሞተር ሳይክል ላይ ሲባጎ ስወጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ሞተሩ ሲነዳ ወደ ጎን ይስባል። የኋላ ጎማው በአንድ ጠርዙ ተበልቷል፤ ካቴናውም የሚዞርበትን ጥርስ አንድ ጎን ብቻ ፍቆታል። መጀመሪያ ቸርኬውን ጠረጠርኩ፤ ኩሽኔታም ቀየርኩ። ጣጣው ግን የፍሬሙ መጣመም ነበር፤ ምክንያቱን መገመት አይከብድም።

591 ሲሲ የሆነው ኤም 21 የሚፈለገው ለጉልበቱ ነበር። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሳይድካር ሲጎትቱ ነው፤ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና የሚጠግኑት የእንግሊዝ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሠራተኞችም መሣሪያቸውን በቢጫ ሳይድካር ጭነው በዚሁ ሞተር ይዞሩ ነበር። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር መታጠፊያ ላይ ያጋድላል፤ ክብደቱም በፍሬሙ አቅጣጫ ወደ ታች ይወርዳል። ሳይድካር የታሰረበት ማጋደል አይችልም። እያንዳንዱ መታጠፊያ የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ከዓመታት በኋላ ብረቱ እጅ ይሰጣል።

የቢ.ኤስ.ኤ. ፋብሪካ የነበረው እዚሁ ሰፈር፣ አርመሪ ሮድ ላይ ነው። ቢ.ኤስ.ኤ.ን በ1861 ያቋቋሙት የከተማዋ ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክላቸው የወጣው በ1910 ነው። በጠመንጃ ሠሪዎቹ ሙያ ውስጥ አፈሙዝ የሚያቀኑ ሰዎች ነበሩ። ቱቦውን ወደ ብርሃን አቅንተው በውስጡ የሚወርደውን ጥላ ያያሉ፤ ጥላው ከተሰበረ በመዶሻ ያስተካክሉታል። በፋብሪካው የሞተር ሳይክል ፍሬም ያቀኑ የነበሩት ሰዎች ዓይን የዚህ ሙያ ወራሽ ይመስለኛል። የያኔው ፍሬም ቱቦዎቹ በብረት መጋጠሚያ ውስጥ ገብተው በናስ ይበየዱ ነበር፤ እሳት የነካው ብረት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። ስለዚህ ከምድጃ የወጣውን ፍሬም ጠረጴዛ ላይ አስረው፣ ሳያሞቁ፣ በረጅም ብረት እየገፉ ያቀኑት ነበር። ስለ ቢ.ኤስ.ኤ. ሲጻፍ የሚነሱት ንድፍ አውጪዎቹና ተወዳዳሪዎቹ ናቸው። ፍሬም አቃኚዎቹን የሚያነሳ አለመኖሩ ያስቆጨኛል።

ከእነሱ አንዱ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ፍሬም ያቀኑ ነበር፤ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ። እኔ መጋጠሚያውን በእሳት ላሞቀው ተዘጋጅቼ ሳለ ደርሰው እጄን ያዙኝ። እሳቱ ናሱን ያላላዋል፤ መጋጠሚያውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጎማዎቹንና ሞተሩን ከፍሬሙ አወረድን። ሲባጎውን ከመሪው አንገት ጀምረን በሁለቱም ጎን እስከ ኋላ ፔርኖው መያዣ ወጠርነውና ከመቀመጫው ሥር እስከሚወርደው ቱቦ ያለውን ርቀት ለካን። በግራ 47 ሚሊሜትር፣ በቀኝ 41። ኋላው ወደ ግራ ሄዷል ማለት ነው። ቀጥ ያለ ፍሬም ቢሆን ሁለቱም ጎን 44 ይሆን ነበር።

ፍሬሙን ከወፍራም የብረት ጠረጴዛ ጋር በቡሎን አሰርኩ። ረጅም ቱቦ አስገብቼ ስገፋው ብረቱ እንደ ቀስት ተለምጦ ተመለሰ፤ ሲባጎው ላይ ምንም ለውጥ የለም። ብረት በተፈለገው ቦታ የሚቀረው ከሚፈለገው በላይ ሲገፋ ነው፤ ምን ያህል በላይ እንደሆነ ግን የሚነግርህ እጅህ ብቻ ነው። ትንሽ መግፋት፣ መልቀቅ፣ መለካት፤ እንደገና ትንሽ ጨምሮ መግፋት። ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ቸኩሎ አንዴ ብቻ አብዝቶ የገፋ ሰው ቱቦውን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ቱቦ መልሶ አይቀናም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የቀረ አልመሰለኝም። ሽማግሌው ከኋላ ዞረው ምርኩዛቸውን ተደግፈው አጎነበሱ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልክ እንደ አባቴ። ሲባጎውን ከፈታሁት ቆይቶ ነበር። በጣታቸው ወደ ቀኝ ትንሽ ይቀረዋል አሉኝ።

መልሼ ወጥሬ ለካሁት። በግራ 45፣ በቀኝ 43 ነበር።