ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ስንት ደቂቃ ነው?

ኬክሮስ የሚለው ቃል ወደ መልክዐ ምድር መጻሕፍት ከመግባቱ በፊት በባሕረ ሐሳብ የጊዜ ስፍር ነበር። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ ደግሞ 60 ካልዒት። አንዱን ዲግሪ ለ60 ደቂቃ መክፈል ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

የአውሮፓ ካርታ ነዳፊዎች ግን በኬክሮስ ብዙ ተቸግረዋል። ኦርቴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1573 ያሳተመው ካርታ ኢትዮጵያን ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ይለጥጣታል። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 ያወጣው፣ በአገሩ የኖሩ ኢየሱሳውያንን ሥራ መሠረት ያደረገው ካርታ፣ ወደ ልኳ አቀረባት። ነገሩ ይህን ያህል ረቂቅ ሆኖ አይደለም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ የተመልካቹ ኬክሮስ ነው። መንዝ ላይ ይህ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፤ ክንዱን ዘርግቶ ጡጫውን አድማስ ላይ ለሚያሳርፍ ሰው ኮከቡ ከጡጫው በላይ ብቅ ይላል። ተራራ ካልከለለው ነው እንግዲህ!

አሁን እናስላ። ደብረ ብርሃን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ፣ መሐል ሜዳ 10 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ገደማ ላይ ናቸው። ከ19 ላይ 41 አይነሣምና ከ10ሩ አንድ ዲግሪ እንበደራለን፤ የምንበደረው 100 ሳይሆን 60 ነው። ከ79 ላይ 41 ሲቀነስ 38 ደቂቃ ይቀራል። በዚህ አካባቢ አንዱ ደቂቃ 1.84 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱ 70 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በጣርማ በር የሚዞረው የመኪና መንገድ ግን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የሞፈርን ገደል አያውቀውም እንጂ።

ይበልጥ የሚያስገርመው የጓሳ ነገር ነው። የጥናት ጽሑፎች የጓሳን ሜዳ በሰሜን ኬክሮስ ከ10 ዲግሪ ከ15 እስከ 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ከ39 ዲግሪ ከ45 እስከ 39 ዲግሪ ከ49 ደቂቃ ያደርጉታል። የኬክሮሱ ልዩነት 12 ደቂቃ፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ የኬንትሮሱ 4 ደቂቃ ደግሞ 7.3 ኪሎ ሜትር። ሲባዙ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። የሜዳው ስፋት ግን 111 ነው።

የቀረው 50 ያህል ካሬ ኪሎ ሜትር በአራቱ ቁጥሮች ውስጥ አለ፤ በጓሳ ውስጥ የለም። ትክክለኛውን ድንበር ለዘመናት የያዘው የቄሮ ሥርዓት ነበር። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ መርጠው ሜዳውን ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ይከፍቱታል። ወሰኑ የት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በግና ከብት የሚያሰማራ ሁሉ ያውቀዋልና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ቄሮም አብሮ ቀረ። 12ቱ ደቂቃ እንዳለ ነበር፤ ጠባቂው ግን አልነበረም። ሣሩን ያሻው ያጭደው ጀመር።