ከጉድጓዱ የወጣው ማሽላ

ሐረርጌ የነበረችው አያቴ ማሽላዋን የምታኖረው በጉድጓድ ነበር። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው በገለባ ይሸፈናል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል። እህሉን ከሌባና ከእሳት ስለሚሰውር ለዘመናት የቤተሰብ ዋስትና ሆኖ ኖሯል። ክፋቱ እርጥበቱ ነው። ሲከፈት ከዳርና ከሥር ያለው ሻግቶ ይወጣል። አያቴም «እህል አይጣልም» ብላ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ታስፈጨው ነበር።

ሻጋታ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያሳየ አንድ ክስተት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው አለቁ። ምርመራው አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ገለጠ። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ ተረጋግጧል፤ ቢያጥቡትም ቢቀቅሉትም ጨርሶ አይጠፋም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። የዚህ ቫይረስ ክትባት ለኢትዮጵያ ሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

አያቴን አልወቅስም፤ ረሃብን ለሚያውቅ ሰው እህል መጣል ነውር ነበር። እኛ ግን አውቀናል። እህላችሁን በደንብ አድርቃችሁ አስቀምጡ፤ የሻገተውን ለልጅም ለከብትም አትስጡ።